አባባ ምን ይወዱ ነበር?

(ደሴ ላይ ስለ አያቶቻችን ለመነጋገር በተሰባሰብንበት አንድ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ወሎ ነንና ሁለቱንም አንድ ላይ ማለት ያምርብናል።

ዛሬ የማወራው ስለ አያቴ ነው። አባባ ነበር የምንላቸው። ሹም አልነበሩም። የተሸለሙት ሜዳሊያ የለም። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ፣ ከደጋን ወጣ ብሎ ባለ መንደር ማሽላና ጤፍ ሲያርሱ ኖረው እዚያው ተቀበሩ። እኔ ግን ኑሮውን አጣጥሞ የኖረ ሰው ጥሪ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው እሳቸውን ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ስለ ሟች የምንለውን አስቡት። ስንት ልጅ እንደወለደ ይነገራል። የት እንደሠራ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደታመመ ይነገራል። «ስንቱን ችላ ኖረች» እንላለን። «የሰው ገንዘብ የማይነካ» እንላለን። እውነት ነው፣ መባልም አለበት። ግን ሰውዬው ምን ይወድ ነበር? ምን ሲያይ ነበር ፊቱ የሚፈካው? ማታ ደክሞት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ምን ነበር? ይህን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ልጆቹ ጥቂት ዓመት ቆይተው ይረሱታል። የልጅ ልጆቹ ጭራሽ አያውቁትም።

በዚህ የተነሳ አያቶቻችንን በመከራቸው ብቻ ነው የምናውቃቸው። ወሎ ላይ ደግሞ ይሄ ነገር ይብሳል። ዓለም የወሎን ስም የሰማው በ1966ቱ እና በ1977ቱ ረሃብ ነው። ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፎቶው አልዋሸም። ግን እዚያ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከዚያ ቀን በፊትም ከዚያ ቀን በኋላም ኑሮ ነበራቸው። የሚያንጎራጉሩት ዜማ ነበራቸው። ደጋግመው የሚያወሩት የሚያስቅ ወሬ ነበራቸው። ያን ካልነገርን የሰውዬውን ግማሽ ትተን ነው የምናወራው።

የአባባ አንደኛ ደስታ የማሽላ እሸት ነበር። ይህቺን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከተማ ያደጋችሁ ልጆች ላታውቋት ትችላላችሁ።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ፍሬው ወተት ይይዛል። አባባ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ማሳ ውስጥ ይገባሉ። አንዱን ዛላ ጎንበስ ያደርጉና አንዲት ፍሬ ይነቅላሉ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይጫኗታል። ወተቷ ፊጭ ካለ «ገና ናት» ብለው ይተዋታል። ለስለስ ብላ ከላመች ደርሳለች ማለት ነው። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ የለም።

እሳቱ የሚነደው እዚያው ማሳው ዳር ነው። ዛላውን ከነአንገቱ ይዘው ነበልባሉ ላይ ያገላብጡታል። ገለባው ሲጠቁርና ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ሰፌድ ላይ ያወርዱታል። ከዚያ በሁለት መዳፋቸው ያሹታል። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ መዳፍ ስለሆነ ትኩሱ አይበግረውም። ገለባውን እፍ እፍ እያሉ ያራግፋሉ። ሰፌዱ ላይ የሚቀረው ፍሬ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ጠቆር ያለ ነው። እንፋሎቱ ይወጣል። ጥርስ ሲነካው ጣፋጭ ወተት ይለቃል።

አባባ ግን ወዲያው አይጀምሩም። ቆም ብለው ወደ መንገዱ ያያሉ። ሰው እያለፈ ከሆነ የመጀመሪያው ጭብጥ የዚያ ሰው ነው። አወቁት አላወቁት ለውጥ የለውም። መንገዱ ባዶ ከሆነ ወደ ጎረቤት ማሳ ዞረው ይጣራሉ። «ኧረ ኑ! እሸቷ ደርሳለች!» ጎረቤታቸው ክርስቲያን ነበሩ፣ የአባባ እኩያ። ማጭዳቸውን እንደያዙ ይመጣሉ። ሁለቱ ሽማግሎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አፋቸው ዙሪያ ጥላሸት ሆኖ፣ ስለ ዝናቡ እያወሩ ሰፌዱን ይጨርሱታል። እኛ ልጆች መሐላቸው እየገባን እንዘግናለን።

ከማሽላዎቹ ሁሉ አባባ የሚሳሱላት አንዲት ዓይነት ነበረች። ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» ትባላለች። በስም የምታውቋት እዚህ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ለጎተራ የምትመኙት ዓይነት አይደለችም። ስትደርቅ ፍሬዋ ይጨማደዳል። ገበሬው ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ጥቂት ጣል ጣል የሚያደርጋት ለእሸት ብሎ ነው። ተጠብሳ እንድትበላ። ለጣዕሟ ብቻ።

አሁን ይህን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሲንግ እና አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ከኢትዮጵያ የሄዱ ሁለት ዓይነቶች በላይሲን ከሌላው እጅግ በልጠው አገኟቸው። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የምናገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው። ማሽላ በተፈጥሮው በዚህ በኩል ድሃ ነው። እነዚያ ዓይነቶች የተገኙት ወሎ ውስጥ፣ ገበሬው እሸታቸውን ጠብሶ ለመብላት ከሌላ ማሽላ ጋር አደባልቆ ከሚዘራቸው መሐል ነበር። የአባባ ወተት በጉንጬም ከዚሁ ወገን ናት።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ጥናቱ የወጣው ወሎ በተራበችበት ጊዜ ነው። ዓለም ወሎን ምንም የሌላት አድርጎ በሚያይበት ሰዓት፣ ሳይንቲስቶች የሚደነቁበት ዘር የወሎ ገበሬ ማሳ ውስጥ ነበር። ገበሬው ላይሲን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ጣዕሟን ግን ያውቃል። ለጣዕሟ ሲል ከአባት ወደ ልጅ ዘሯን አተረፋት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አባባ በሕይወት አልነበሩም። ቢኖሩ ኖሮ ሮጬ ሄጄ የምነግራቸው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነበር።

እሸቷ እስክትደርስ ወፍ መጠበቅ አለ። ማሳው መሐል እንጨት ተተክሎ ማማ ይሠራል። ልጅ ሆኜ ከአባባ ጋር ማማ ላይ ውያለሁ። እጃቸው ላይ ወንጭፍ፣ አጠገባቸው የጭቃ ድብልብል። ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል። ሌላው ሰው ወፍ ሲያባርር ይራገማል። አባባ ያዜማሉ። ግጥሙን ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት። ከልጅነቴ የያዝኳት አንዷ ይህቺ ናት፦

አንቺም ልጅ አለሽ ወይ፣ ግሪሳ ወፊቱ፣
የኔም ይጠብቃል፣ እንዲደርስ እሸቱ።

ይህን እያዜሙ ወንጭፋቸውን ያዞራሉ። ቷ! ትላለች። ወፉ ይነሳል። ሳቅ ይሉና «ልጆቿን ይዛ ሄደች» ይላሉ። ዜማው ባቲ ይሁን አምባሰል ያን ጊዜ አልለየውም ነበር። ኋላ ነው ያወቅኩት፣ ባቲ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በወሎ ስፍራ ስም የሚጠሩ ናቸው። እንዲህ ማማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያዜም የሚውል ሕዝብ ባለበት አገር ይህ አይገርመኝም።

ጥንቅሽንም ሳላነሳ አላልፍም። ወጣቶቹ ስትስቁ አያለሁ፣ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። አገዳው ጣፋጭ የሆነው ማሽላ ነው፤ እንደ ሸንኮራ እየላጡ ይመጡታል። አባባ ለጥንቅሽ ብለው ከማሳቸው ዳር አንድ ትልም ይለዩ ነበር። ያ ትልም የእኛ የልጆች ነው። ሽማግሌም ሆነ አላፊ መንገደኛ ከዚያ ሲቆርጥ ካዩ «የልጆቹን ነው የቆረጥከው፤ በል ልጆቹን ጥራና አካፍላቸው» ይሉታል።

አንድ ቀን ለምን እሸት እንዲህ እንደሚወዱ ጠየቅኳቸው። ማጭዳቸውን እየሳሉ ነበር። ቀና ሳይሉ «ዱሮ እሸቱ የኛ አልነበረማ» አሉኝ።

አባባ ወጣት ሳሉ ጭሰኛ ነበሩ። እሳቸው እንደነገሩኝ እህሉ ሳይታጨድ ባለመሬቱ የላከው ሰው መጥቶ ማሳውን በዓይኑ ይለካል። ከእሸቱ ብዙ የጎደለ እንደሆነ ጥያቄ አለ። ስለዚህ የገዛ ላባቸው ያበቀለውን እሸት የሚበሉት ማታ ማታ ነበር፣ እሳቱ እንዳይታይ ቤት ውስጥ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በተከታዩ ጥቅምት አባባ ማሳቸው ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ ጭሱን እያየ እሸት ጠበሱ። ያን ጭስ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከዚያ በኋላ እሸት ሲጠብሱ ለምን ወደ መንገዱ እንደሚያዩ ገባኝ። ሰው እንዲያያቸው ይፈልጋሉ። ሰው እንዲበላላቸው ይፈልጋሉ።

ቡና ላይም እንዲሁ ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቸኩሎ በቶና የሚነሳ እንግዳ ካለ አባባ ቅር ይላቸዋል። «በረካውን ትተህ የት ነው የምትሄደው?» ይላሉ። ለእማማ፣ ለአያቴ ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያውን ስኒ ሲቀበሉ ሁልጊዜ ዱዓ ያደርጉላታል። እጃቸውን ዘርግተው ይጀምራሉ። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው። ከዚያ ደግሞ በ1977 በሰፈራ ወደ ወለጋ ለተወሰደው ታናሽ ወንድማቸው። «ያለበትን ጥላ ያርግለት» ይላሉ። ክርስቲያኑ ጎረቤታችንም ከኛ ጋር «አሚን» ይላሉ። ወሎ ውስጥ ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም። መንደሩ ለጋራ ዱዓ ተሰብስቦ ወዳጃ ሲቀመጥ ደግሞ ዕጣኑ ይጨሳል፣ መንዙማው ይቀጥላል፣ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ። ድምፃቸው ጎርናና ነበር። መሪ አይደሉም፣ ተቀባይ ናቸው። በመቀበላቸው ግን የሚያህላቸው አልነበረም።

አንዲት ትንሽ ሬዲዮም ነበረቻቸው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ከሰዓት በኋላ መልሰው ይከቱትና ለማታ ዜና ያደርሳሉ። ዜናው ካለቀ ወዲያው ይዘጓታል። ስለ ሬዲዮዋ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ባቲ እንሂድ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ከሸለቆው ወገን አፋሮች በግመል ጨው ጭነው ይመጣሉ። ከደጋው እህል ይወርዳል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ ኮረብታ ላይ ይገናኛል። አባባ የሚሸጡት ብዙ አልነበረም። አንዳንድ ሰኞ ምንም ሳይሸጡ ይመለሳሉ። እማማ «ምን ልትሠራ ሄድክ ታዲያ?» ስትላቸው «ሰው ላይ» ይሏታል። እዚያ አንድ አፋር ወዳጅ ነበራቸው። እሱ አማርኛ ትንሽ፣ እሳቸው አፋርኛ ትንሽ። ጥላ ሥር ተቀምጠው የግመል ወተት ይጠጣሉ። ወሬው ስለ ከብትና ስለ ሣር ነው። ስንመለከታቸው በየመሐሉ ረጅም ዝም ይላሉ። ዝም ማለታቸውም ጨዋታ ነበር። ሲመለሱ ለእኛ ተምር በጨርቅ ቋጥረው ያመጣሉ። ተምሩን እኩል እኩል ቆጥረው ያድሉናል። ፍሬውን ጥለን እንዳንሄድ እያንዳንዳችንን ያያሉ፤ ፍሬውን ይሰበስቡና ጓሮ ይተክሉታል። በቅሎ አያውቅም። በየሰኞው ግን ይተክሉታል።

ባቲ ግን የደስታ ስፍራ ብቻ አልነበረችም። በ1977 ባቲ ላይ ትልቅ የተራቢዎች መጠለያ ነበር። አባባ በሬዎቻቸው አልቀው፣ የዘር ማሽላው ተበልቶ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚያ ወረዱ። የእናቴ ታናሽ እህት እዚያ ነው የቀረችው። ትንሽ ልጅ ነበረች። ይህን ከአባባ አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።

ታዲያ ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ አንድ ሰኞ አብሬያቸው ወረድኩ። ገበያው ከመድረሳችን በፊት ከመንገዱ ወጡ። ምንም ወደሌለበት ሜዳ ሄዱ። ምልክት የለው፣ ድንጋይ የለው። ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ረጅም ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ እኔን በእጄ ይዘው «ነይ፣ ወተቱ ሳያልቅ እንድረስ» አሉኝ። ገበያ ገባን። አፋሩን ወዳጃቸውን አገኘን። ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፣ አውቃለሁ። ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ተምሩንም ገዙ።

ለብዙ ጊዜ ይህን ሰኞ አስቤዋለሁ። ሰው እንዴት በአንድ ጠዋት ሁለቱን ይችላል? የደረስኩበት ይህ ነው። አባባ ሐዘናቸውን ረስተው አይደለም የሚስቁት። እሸቱንም፣ ወተቱንም፣ በረካውንም ሊቀር እንደሚችል በሚያውቅ ሰው አፍ ነው የሚቀምሱት። ስለዚህ ችላ የሚሉት ነገር የለም። እኔ ጠግቤ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ለዚህም አባባን አመሰግናለሁ። ግን እንደሳቸው አድርጎ የሚበላ ሰው አላየሁም። ጉርሻውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ያኝካሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትሳሳቱብኝ እፈልጋለሁ። «ድሆች ቢሆኑም ደስተኞች ነበሩ» የሚባል ወሬ አለ። ይህን ወሬ አልወደውም። አባባ ድህነትን አይወዱትም ነበር። አንዲት ጊደር ሸጠው ነው እናቴን ኮምቦልቻ ልከው ያስተማሩት። መንደሩ «ሴት ልጅ ልከህ ምን ልታገኝ?» ሲላቸው አልሰሙትም። የቧንቧ ውኃ መንደራችን የገባ ቀን እንደ እሳቸው የተደሰተ ሰው አልነበረም። ቧንቧውን ከፍተው፣ ዘግተው፣ እንደገና ከፍተው አዩት። እማማን ጠርተው «እንስራሽን አሁን ለወፍ ማጠጫ አድርጊው» አሏት። ስለዚህ እሸት ይወዱ ነበር ስላችሁ ሌላ አያምራቸውም ነበር ማለቴ አይደለም። ያገኟትን ሳያጣጥሙ አያሳልፉም ነበር ማለቴ ነው።

ሌላም ቅሬታ ሰምቻለሁ። «የተከበረን ሽማግሌ ተምርና ጥንቅሽ ይወዱ ነበር እያሉ ማውራት ማቃለል ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። መከራውን ብቻ የምናወራለት ሰው ለልጆቻችን ሐውልት ይሆንባቸዋል። ልጄ አባባን አላያቸውም። ጥንቅሽ እንዴት በጥርሳቸው ይልጡ እንደነበር ግን ስለነገርኩት፣ ገበያ ሄደን ጥንቅሽ ባየ ቁጥር «የአባባ!» ይላል። ስለ ጭሰኝነቱም፣ ስለ 1977ቱም የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ጥንቅሹ ነበር።

በመጨረሻ ዘመናቸው ጥርሳቸው አለቀ። ጥንቅሽ መምጠጥ ቀረ። እኔ የሚያዝኑ መስሎኝ ፊታቸው መብላት ተውኩ። ገባቸው። አንድ ቀን ራሳቸው ቆርጠው፣ በቢላዋ ልጠው፣ ጎራርደው አጠገቤ አኖሩት። «ብዪ፤ እኔ እሰማዋለሁ» አሉኝ። ዓይናቸውም በዚያን ጊዜ ደክሞ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ። ጥንቅሽ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ጭማቂው ሲመጠጥ ድምፅ አለው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ዘንድሮ ጣፍጣለች» አሉ። አልተሳሳቱም፣ ጣፍጣ ነበር። ያን ጊዜ ያየሁትን ደስታ ደረጃ ስጪው ብትሉኝ አልችልም። የራስ አፍ ሳይቀምስ በሰው አፍ መደሰት ለብዙዎቻችን ገና ሩቅ ነው።

ሲሞቱ ቅሬው ወጣ። ለአዲስ አበባ ልጆች ልንገር፣ ቅሬ የእናንተ ዕድር ነው። የኛ ቅሬ የሃይማኖት አጥር የለውም። መቃብሩን የቆፈሩት እስላሙም ክርስቲያኑም ናቸው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እንደ ወጉ ተወራ። ደግ ነበሩ ተባለ። አስታራቂ ነበሩ ተባለ። ልጆች አስተማሩ ተባለ። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ጥግ ላይ፣ ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ምንም አላሉም። ሰው ትንሽ ዝም ሲል ግን ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«እንግዲህ እሸት ሲደርስ ማን ነው የሚጠራኝ?»

ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። እስከዚያ ድረስ ዓይኑ ደርቆ የቆየው አጎቴ ሳይቀር። ስለ አባባ ከተነገረው ሁሉ እሳቸውን ቁልጭ አድርጎ ያመጣቸው ያ አንድ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ አረጋዊ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። «በልጅነትዎ ምን ይወዱ ነበር? አሁንስ?» መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። ስለ ታሪክ፣ ስለ ጣሊያን፣ ስለ ደርግ እንጂ ስለዚህ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለማ። «ምን የሚወደድ ነገር ነበር ብለሽ ነው?» ይሉኛል። ትንሽ ከጠበቅኩ ግን ይመጣል። አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ስላለው የሐረጎ ቁልቁለት ነገሩኝ። ከደሴ ሲወጡ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ሐረጎን ቁልቁል ሲሉ ድንገት ይገለጥና የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ይታያል። «ስንት ዓመት ነዳሁት፣ አንድ ቀን አልሰለቸኝም» አሉኝ። ያን ገለጥ የሚልበትን ኩርባ ለማየት ብለው ማልደው ይነሱ እንደነበር ሚስታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። አንዲት እናት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤታቸው ፀጉራቸውን ስትሠራቸው እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር አጫወቱኝ። «የሰው እጅ ራስ ላይ ሲሆን ደስ ይላል» አሉ። ጎረቤትየዋ ከሞተች ወዲህ ራሳቸውን በሻሽ ያስራሉ። ልጃቸው አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በሳምንቱ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ እየሠራቻቸው ነው።

እኔ ብዙ አወራሁ። እዚህ የተሰበሰብነው ደግሞ እናንተን ልንሰማ ነው። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ ያላችሁ ወጣቶች ክፈቱት፤ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ሻይና ቆሎው ከኋላ በኩል አለ፣ እየተነሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ማይኩን ለአባቶችና ለእናቶች ልስጥ። ፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት እናት ስለ ወተት በጉንጬ ሳወራ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ከእሳቸው እንጀምር። እማማ፣ እርስዎስ ምን ይወዱ ነበር?